«ረን» መሮጥ ከሆነ አፍንጫ በምን እግሩ ይሮጣል?

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ክሩን (የጥያቄና መልሱን ሰንሰለት) የከፈተው ሰው ያመጣው ነገር ጥያቄም አቤቱታም ነው። እንግሊዝኛ የጀመረ ሁሉ «ረን» የሚለውን ቃል ገና በመጀመሪያው ሳምንት «መሮጥ» ብሎ ይይዘዋል፤ ከዚያ ወዲያ ቃሉ ባጋጠመው ቁጥር ያሳፍረዋል። አፍንጫ ይሮጣል፣ ወንዝ ይሮጣል፣ ድርጅት ይሮጣል፣ የልብስ ቀለም ይሮጣል፣ ውል አምስት ዓመት ሙሉ ይሮጣል። ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ለግሱ ብቻ 645 ፍቺ እንደቆጠረለት አንብቧል። ይህን ያህል ፍቺ ያለው ቃል በሽምደዳ እንጂ በመረዳት አይያዝም ብሎም ቆርጧል። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከ645ቱ ሃምሳ ያህሉን መርጦ በተራ ቁጥር የሚለጥፍለት ሰው።

ዝርዝሩን የለጠፈለት የለም። በምትኩ ሃያ አንድ መልስ ተከተለ።

1ኛው መልስ በትሕትና ጀምሮ ቁጥሩን ራሱን ፈተሸ። 645 የሚለው ልክ ነው፤ የተቆጠረው ግን ዛሬ ሰው የሚናገረው ብቻ አይደለም። ኦክስፎርድ የቃላትን ታሪክ የሚመዘግብ ስለሆነ አንድ ፍቺ ከሰው አፍ ከወጣ መቶ ዓመት ቢያልፈውም ከገጹ አይሰረዝም። በዚያ ላይ «ረን» ከ«አውት»፣ ከ«ኦቨር»፣ ከ«ዳውን» ጋር ተጣምሮ የሚሰጠው ሁሉ እዚያው ይቆጠራል። በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትም ክብረ ወሰኑ «ሴት» (ማስቀመጥ) የሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል ነበር፦ ለግሱ ከ430 በላይ ፍቺ፣ ወደ 60,000 ቃላት የሚጠጋ ማብራሪያ። «ረን» የቀደመው መዝገበ ቃላቱ እንደገና ሲከለስ ነው። አንዱ አዘጋጅ የወንዝን መውረድና የዕንባን መውረድ ለየብቻ ቁጥር ይሰጣቸዋል፣ ሌላው በአንድ ይጠቀልላቸዋል። ስለዚህ ቁጥሩ የሚነግረን የአዘጋጆቹ ምላጭ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ነው፤ የተማሪውን ሸክም አይለካም።

2ኛው ከርዕሱ ፈቀቅ ብሎ የፊደል ነገር አነሳ። በመጀመሪያ «ሴት» ተብሎ ሲጻፍ ክብረ ወሰኑን የያዘችው ሴት ማን ናት ብሎ ቀለደ፤ ቀጥሎ ግን ቁም ነገር ነበረው። የአሁኑንና ያለፈውን ጊዜ ሁለቱንም «ራን» ብለን ከጻፍን ግሱ ጊዜ የሌለው ይመስላል። ድምፃቸው አንድ አይደለም፤ የአሁኑ አፍ ብዙ ሳይከፈት የሚወጣ አጭር ድምፅ ነው፣ ያለፈው አፍ ሰፋ ብሎ ይከፈታል። በግዕዝና በራብዕ ብንለያቸው፣ የአሁኑን «ረን» ያለፈውን «ራን» ብንል፣ በፊደላችን የተቻለው ያህል ነው። ሦስተኛው ቅርጽ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፦ ረን፣ ራን፣ ረን። በጽሑፍ በብዛት የሚታየው ስሕተትም እዚህ ላይ ነው። ከ«ሃቭ» እና ከ«ሃዝ» በኋላ የሚመጣው «ረን» ነው፤ «ሃዝ ራን» የሚባል የለም። ክሩ ከዚህ በኋላ አጻጻፉን ተቀበለው፣ እኔም እከተለዋለሁ።

3ኛው ለእኔ ከክሩ ሁሉ ዋናው ነው። የጻፈችው ሴት የቃሉን ሥር ይዛ መጣች። «ረን» ከመጀመሪያውም የእግር ብቻ አልነበረም፤ ውሃም ሰውም በአንድ ቃል ይሄዱ ነበር። የቅርብ ዘመዱ ጀርመንኛ ዛሬም ሁለት ግስ አለው፦ «ሪነን» ለሚፈስ ነገር፣ «ሬነን» ለሚሮጥ። እንግሊዝኛ ሁለት የነበሩትን አንድ አደረጋቸው። ስለዚህ ወንዝና አፍንጫ «ረን» ሲባሉ ከእግር የተዋሱት ዘይቤ አይደለም፤ እንደ እግሩ የቆየ፣ የራሳቸው ቃል ነው። ሁለተኛው ነጥብዋ ደግሞ የባሰ ይጠቅማል። በጥንቱ እንግሊዝኛ ራሱ የሚሄደው ነገር አንድ ግስ፣ ሌላውን የሚያስኬደው ሌላ ግስ ነበረው፤ እነሱም በጊዜ ብዛት ተዋሐዱ። አማርኛ ይህን ልዩነት እስከ ዛሬ በቃሉ አናት ላይ ተሸክሞታል፦ ሄደ፣ አስኬደ፤ ፈሰሰ፣ አፈሰሰ፤ ሠራ፣ አሠራ። እንግሊዝኛው «አ» ወይም «አስ» የሚለው ምልክት ስለሌለው አንዱ «ረን» የሁለቱን ሥራ ይሠራል። እንግዲህ «ረን»ን በ«መሮጥ» ፈንታ «ሄደ» እና «አስኬደ» ብሎ የጀመረ ሰው የግማሹን መንገድ ጨርሷል።

4ኛው ይህንኑ ወደ አሠራር አወረደው። ዓረፍተ ነገሩን ስታገኙ መጀመሪያ ከ«ረን» በኋላ ተሳቢ አለ ወይስ የለም በሉ። ከሌለ ነገሩ በራሱ ይሄዳል፦ ሞተሩ ይሠራል፣ አውቶቡሱ በየአሥር ደቂቃው ይመላለሳል፣ መንገዱ በወንዙ ዳር ይዘልቃል፣ ተውኔቱ ለሦስት ወር ይታያል። ተሳቢ ካለ ሰው ያስኬደዋል፦ ፕሮግራም ያስኬዳል፣ ምርመራ ያደርጋል፣ ጋዜጣ ዜናውን ያወጣል፣ ገንዳውን ውሃ ይሞላል። ድርጅት ላይ ሲደርስ ግን አስጠነቀቀ። «ሺ ረንስ ዘ ካምፓኒ» ማለት ታስተዳድረዋለች፣ የዕለት ሥራውን ታንቀሳቅሰዋለች ማለት እንጂ የእሷ ነው ማለት አይደለም። ባለቤትነቱን ለመናገር «ኦውን» የሚል ሌላ ቃል አለ። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፤ ከቃሉ ግን አይታወቅም። በትርጉም ላይ «ባለ ድርጅት» ብሎ የጻፈ ሰው ያልተባለ ነገር ጨምሯል።

5ኛው ላይ የመጣው ሰው የማሽን መመሪያ ሲተረጉም የሚውል መሆኑ ከቃላቱ ያስታውቃል። በውሃ ፓምፕ ላይ ስለሚለጠፍ ሦስት አራት ቃል ብቻ ጻፈ፦ «ዱ ኖት ረን ድራይ»። «ደረቅ አትሩጥ» ተብሎ ሲተረጎም ሳቅ ነው፤ «ደርቆ አይሥራ» ተብሎ ሲተረጎም ግን አደጋ ነው፣ ምክንያቱም አንባቢው ፓምፑን ከውጭ አርጥቦ ያስነሳዋል። ትርጉሙ ውስጡ ውሃ ሳይኖር አታስነሳ ነው። ምክንያቱንም አብራራ። ዘንጉ ከፓምፑ አካል በሚወጣበት ቦታ ላይ ተገጣጥመው የሚፋተጉ ሁለት ቀለበቶች አሉ፤ በመካከላቸው እንደ ቅባት ሆኖ የሚያቀዘቅዛቸው የሚገፋው ውሃ ራሱ ነው። ውሃ ከሌለ ወዲያው ይግላሉ፣ ፊታቸው ይሰነጠቃል፣ ከዚያ በኋላ ውሃ ቢሞላም በዘንጉ ዙሪያ ያንጠባጥባል። ስለዚህ ከማስነሳት በፊት የመሙያው ቡሽ ይከፈታል፣ የፓምፑ አካልና የመሳቢያው ቱቦ አየሩ እስኪወጣ ውሃ ይሞላል፣ ቡሹ ይጠብቃል፣ ከዚያ ማብሪያው ይጫናል። ይህን ሁሉ የያዘው ያ የማይመስል «ረን» ነው። ጨምሮም ቃላቱን ብታገላብጧቸው ሌላ ነገር ነው አለ፦ «ድራይ ረን» ማለት ያለ መዘዝ የሚደረግ ሙከራ፣ ልምምድ ነው።

6ኛው ከዚያች ከመጨረሻዋ ነጥብ ተነሥቶ ወደ ኮምፒውተር ወሰደው። ፋይል የሚያመሳስለው አርሲንክ የሚባለው ፕሮግራም «ድራይ ረን» የሚል አማራጭ አለው። ያን አስገብተህ ስታስኬደው ምን እንደሚገለብጥና ምን እንደሚሰርዝ በስክሪኑ ላይ ይዘረዝራል፣ አንዱንም ግን አይነካም። የመሰረዝ ትእዛዝ ያለበትን ነገር ያለዚህ ሙከራ ማስኬድ ድፍረት ነው ባይ ነው። በዊንዶውስ የዊንዶውሱን ቁልፍና «አር»ን አብሮ ሲጫኑ የሚከፈተው ትንሽ ሳጥን ስሙ «ረን» ነው፤ የሚጻፍበትን ያስኬዳል። «ረንታይም ኤረር» የሚባለው ደግሞ ፕሮግራሙ እየሄደ ሳለ የሚፈጠር ስሕተት ነው፤ ለምሳሌ ቁጥር በዜሮ ሲካፈል። ቅንፍ መዝጋት የተረሳ እንደሆነ ፕሮግራሙ ገና ሳይነሣ ስለሚያዝ በዚህ ስም አይጠራም። (ይህ ሰው «ማስኬድ» የሚለውን ቃል ሰባት ጊዜ ተጠቅሟል፤ የኮምፒውተር ሰዎች የ3ኛዋን ነጥብ ሳያውቁት ሲኖሩበት እንደነበር ከዚህ ይታያል።)

7ኛው እርማት ይዞ መጣ፣ ድምፁም ትንሽ ጠነከረ። 5ኛው የፓምፑን «ረን ድራይ» በትክክል ተርጉሞታል፣ ነገር ግን ለተማሪ ሳይነግረው የቀረ ነገር አለ። «ዘ ዌል ራን ድራይ» ሲባል ጉድጓዱ ደረቀ ማለት ነው፤ «ድራይ» የውጤቱ ስም ነው። በፓምፑ ላይ ግን «ድራይ» የሁኔታው ስም ነው፦ ባዶ ሆኖ መሥራት። ሁለቱ በመልክ አንድ ናቸው፣ በአሠራር አይገናኙም። የጉድጓዱ ዓይነት ቤተሰብ አለው፤ «ረን ሎው» ማነስ፣ «ረን ሾርት» ማጠር፣ «ረን ሌት» መዘግየት፣ «ረን ዋይልድ» መረን መውጣት። በእነዚህ ሁሉ «ረን» የ«ሆነ» ወይም የ«እየሆነ ሄደ» ወንድም ነው። አማርኛም «እያነሰ ሄደ»፣ «እየከፋ ሄደ» ይላልና ከቋንቋችን ሩቅ አይደለም። ግን ቅጽሎቹ የተመረጡ ናቸው፤ «ረን ሃፒ» ብሎ ደስተኛ መሆን የለም። አብዛኞቹ ወደ ጎደለ፣ ወደ ባሰ ያመለክታሉ። 5ኛው ተመልሶ በአንድ መስመር አመሰገነ፤ ምስጋናው ደረቅ ነበር።

8ኛው አጭር ነው፣ ግን የኛን ሰው ስሕተት በትክክል ያዘው። «ወተት አለቀብን» የምንለው ሁለት መንገድ አለው። ወተቱ ባለቤት ከሆነ «ዘ ሚልክ ሃዝ ረን አውት»፤ ሰዎቹ ባለቤት ከሆኑ «ዊ ሃቭ ረን አውት ኦፍ ሚልክ»። በሁለተኛው «ኦፍ» ግዴታ ነው፣ በመጀመሪያው አይገባም። አማርኛ «አለቀ» ላይ «ብን» ብቻ ጨምሮ ወተቱን ባለቤት እንዳደረገው ስለሚተው፣ ተማሪው ያንን «ብን» በእንግሊዝኛ ፍለጋ ይወጣና «ዘ ሚልክ ራን አውት ኦፍ አስ» ይላል። ይህ ደግሞ ወተቱ ከሰውነታችን ፈሶ ወጣ እንደማለት ነው።

9ኛው የክሩን አየር ለወጠው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም «እርስዎ» ሲባባሉ ቆይተው፣ እሱ ክሩን ለከፈተው ሰው «አንተ» ብሎ ጀመረ። ይህ ሁሉ የሰዋስው ጨዋታ ነው፤ ሕፃን ልጅ የግስ ሰንጠረዥ ሳያይ አፉን ይፈታል፤ ብዙ አዳምጥ፣ ብዙ አንብብ፣ መዝገበ ቃላቱን ዝጋ። ሌሎቹን መላሾች ደግሞ እውቀታቸውን ለማሳየት የተሰበሰቡ ናቸው አላቸው።

10ኛው አልተወለትም። የመለሰችለት ሰው በ«አንተ»ው ላይ «አንተ» መለሰች፤ ሕፃን ልጅ ቀኑን ሙሉ ስሕተቱን የሚያርምለት ቤት ሙሉ ሰው አለው፣ ትልቅ ሰው ግን በቀን አንድ ሰዓት ነው ያለው አለች። ከዚያ በማዳመጥ ብቻ አይያዙም ያለቻቸውን ደረደረች፤ እዚህ ላይ ክሩ እውነተኛ ዋጋውን አገኘ። ጥምር ግሶቹ ተውላጠ ስም ሲገባባቸው ፀባያቸው ይለያያል። መኪና ሰው ሲገጭ ተውላጠ ስሙ መሐል ይገባል፦ «ረን ሂም ኦቨር»። ማስታወሻን በፍጥነት መከለስ ሲሆን ግን መጨረሻ ላይ ይቆማል፦ «ረን ኦቨር ዘም»። «ረን ስሩ ኢት» ማለት ከዳር እስከ ዳር መለማመድ ነው፤ «ረን ሂም ስሩ» ግን በጎራዴ ወጋው ማለት ነው። «ረን ኢንቱ» ፈጽሞ አይከፈልም፤ ፍቺውን የሚወስነው ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ነው። ሰው ከሆነ ድንገት ተገናኙ፣ ግድግዳ ከሆነ ተላተመ፣ ቁጥር ከሆነ ወጪው እዚያ ደረሰ። ሰውየው መኪና እየነዳ ወዳጁን «ራን ኢንቱ» ከተባለ ግን ዐውዱን ማየት ግድ ነው፤ አግኝቶት ይሆናል፣ ገጭቶትም ይሆናል።

«ረን ዳውን»ን ለብቻው ያዘችው። ባትሪን ማስጨረስ ነው፣ እግረኛን መግጨት ነው፣ ሰውን በሌለበት ማጣጣል ነው፤ ሦስቱም ይከፈላሉ፣ «ረን ኢት ዳውን» ይባላል። ተያይዞ ስም ሲሆን ደግሞ አጭር ማጠቃለያ ይሆናል፣ በጭረት ተያይዞ ቅጽል ሲሆን የደከመ ሰው ወይም የተጎሳቆለ ቤት ነው። በንግግር ስሙንና ግሱን የሚለየው ጫናው ነው። ስሙ ላይ ድምፁ የሚጠነክረው በ«ረን» ላይ ነው፣ ግሱ ላይ በ«ዳውን» ላይ። «ረንኦፍ» እና «ረንአፕ» የሚባሉት ስሞችም በዚሁ ይሄዳሉ፤ የመጀመሪያው መሬት ሳይጠጣው የሚወርድ የዝናብ ውሃ ወይም የመለያ ምርጫ ነው፣ ሁለተኛው ከአንድ ትልቅ ጉዳይ በፊት ያለው ጊዜ። 9ኛው መልስ የሰጠው በስድብ ስለነበር ተሰርዟል፤ ከዚያ በኋላ አልታየም።

11ኛው ነገሩን ለማብረድ ይመስላል የሕክምናውን ወገን አነሳ። «ረኒንግ ኤ ቴምፕሬቸር» ቃል በቃል ሙቀት አለው ይመስላል፤ ሙቀት የሌለው ሰው የለም። የሚባለው ትኩሳት አለው ነው፣ በአብዛኛው 38 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ። «ኢት ረንስ ኢን ዘ ፋሚሊ» በሽታው በዘር ይወርዳል ማለት ነው፤ ቤተሰቡ ውስጥ እየተሯሯጠ አይደለም። «ረኒንግ ሶር» መግል የሚያዥ ቁስል ነው። አስተርጓሚ ሊዘነጋው የማይገባው ግን «ዘ ረንስ» ነው። ፊቱ «ዘ»፣ ኋላው የብዙ ቁጥር ምልክት ካለው ተቅማጥ ማለት ነው። በሽተኛው «አይ ሃቭ ዘ ረንስ» ሲል የስፖርት ሰው ነው ብሎ የተረጎመ ሰው የሰውየውን ፈሳሽ ማጣት አሳለፈው ማለት ነው። መላሹ እንግሊዞቹ አፍንጫ ይሮጣል፣ እግር ያሸታል ብለው የሚቀልዱትን ቀልድ ሊያብራራ ሞከረ፤ ሁለቱ ግሶች በአማርኛ ሁለት መልክ ስለሌላቸው ቀልዱ መንገድ ላይ ሞተ።

12ኛዋ የሕግ ጽሑፍ የምታውቅ ናት። ውል «ረንስ» ሲባል የጸና ሆኖ ይቆያል ነው፤ ከዚህ ቀን እስከዚያ ቀን። «ታይም ረንስ ፍሮም» ሲባል ግን የይርጋው ወይም የይግባኙ ጊዜ መቆጠር የሚጀምርበት ቀን ነው፣ ስለዚህ «ጊዜው ይሮጣል» ብሎ መተርጎም ጊዜ እየነጎደ ነው የሚል የግጥም ስሜት እንጂ የሕግ ፍቺውን አይሰጥም። «ረንስ ዊዝ ዘ ላንድ» የሚለው በእንግሊዝና በአሜሪካ ሕግ መሬቱ ሲሸጥ ግዴታው ከመሬቱ ጋር አብሮ ወደ አዲሱ ባለቤት ይተላለፋል ማለት ነው። እዚህም «ከመሬቱ ጋር ይሄዳል» ቢባል ይገባል፤ የ3ኛዋ «ሄደ» እንደገና ሠራች ብላ አስታወሰች።

13ኛው ስፖርት ነው፣ ቶሎ ልለፈው። በክሪኬት «ረን» ነጥብ ነው፤ ኳሷ መሬት ነክታ ከወሰን ካለፈች አራት፣ ሳትነካ ካለፈች ስድስት፣ ማንም አንድ እርምጃ ሳይሮጥ። በቤዝቦል አራቱንም ማዕዘን ነክቶ የተመለሰ ሰው አንድ «ረን» ያስቆጥራል፣ በማዕዘኖቹ መካከል ያለው ርቀት 90 ጫማ ነው። በቅርጫት ኳስ «አሥር ለዜሮ ረን» ማለት አንዱ ቡድን ሌላው ሳያስቆጥር በተከታታይ አሥር ነጥብ አገባ ነው።

14ኛው የአሜሪካንና የእንግሊዝን ልዩነት በሦስት ነጥብ ዘጋው። ለምርጫ መወዳደር በአሜሪካ «ረን» ነው፣ በእንግሊዝ በልማድ «ስታንድ» ነው፤ አንዱ ይሮጣል አንዱ ይቆማል፣ ሁለቱም ያው ወንበር ይፈልጋሉ። የሴት ስቶኪንግ ሲተረተር አሜሪካዊቷ «ረን» ትለዋለች፣ እንግሊዛዊቷ «ላደር» (መሰላል)። ቀይ መብራት መጣስ በአሜሪካ «ረን»፣ በእንግሊዝ «ጃምፕ»። 1ኛው ተመልሶ እንግሊዞቹም አሁን አሁን «ረን ፎር» እንደሚሉ ጨመረ፤ ይህ 15ኛው መልስ ሆኖ ተቆጠረ።

16ኛው ላይ ክሩ ጨርሶ ወደ አማርኛ ዞረ፣ እኔም ባይቆም ደስ ይለኝ ነበር። እንግሊዝኛን ከመውቀሳችን በፊት «ወጣ»ን እንይ አለ። ፀሐይ ወጣች፣ ጥርስ ወጣ፣ ዕጣ ወጣለት፣ ስም ወጣለት፣ አዋጅ ወጣ፣ ገንዘብ ወጣ፣ ሽፍታ ወጣበት፣ ዛፍ ላይ ወጣ፣ ከቤት ወጣ። ወደ ላይ መሄድና ወደ ውጭ መሄድ በአንድ ቃል መሆናቸው አማርኛ ለሚማር ሰው እንቆቅልሽ ነው፤ እኛ ግን ስንቱን ፍቺ እንደምናውቅ ቆጥረን አናውቅም። ሌላው በ17ኛው «በላ»ን ጨመረ፦ ዝገት በላው፣ እሳት በላው፣ ቃሉን በላ፣ ቁማሩን በላ፣ ሞተሩ ዘይት ይበላል። ስለ «መታ»ም ጀምሮ ነበር፣ ስልክ መታ፣ ማኅተም መታ፣ ብርድ መታው፣ ጎል መታ። ወዲያው የመድረኩ አስተባባሪ ገብቶ ለዚህ ሌላ ክር ክፈቱ አለ፤ የእሱም ጽሑፍ 18ኛ ሆኖ ተቆጠረ።

19ኛው ወደ ጉዳዩ መልሶ ስለ ባንክ ጻፈ። «ሂ ረንስ ኤ ባንክ» ባንክ ያስተዳድራል ነው፤ «ኤ ረን ኦን ዘ ባንክ» ግን ባንኩን የሚያፈርሰው ነው፦ አስቀማጮች ገንዘባቸውን ለማውጣት በአንድ ጊዜ ሲረባረቡ። ባንኩ ጤነኛ ቢሆን እንኳ ይጎዳል፣ ምክንያቱም ያስቀመጡት ሰዎች ዛሬ መጠየቅ ይችላሉ፣ ባንኩ ያበደረው ግን በዓመታት ነው የሚመለሰው። በመስከረም 2007 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ በኖርዘርን ሮክ ቅርንጫፎች በር ላይ የታየው ሰልፍ ይህ ነበር። ማንም አልሮጠም፤ ሰው ተሰልፎ ቆሞ ነበር፣ ግን ስሙ «ረን» ነው። «ባንኩ ላይ ሩጫ ተደረገ» ብሎ መተርጎም አንባቢን የበጎ አድራጎት ሩጫ ያስመስለዋል። «ኦን» የምትለዋን ትንሽ ቃል የዘለለ ሁሉ እዚህ ይወድቃል አለ።

እዚያው ላይ የልብሱን ነገርም ነካ፣ ከመጀመሪያው ጥያቄ ሳይመለስ የቀረው እሱ ብቻ ነበርና። «ከለርስ ሜይ ረን» ማለት ቀለሙ ሊለቅ ይችላል ነው። ከጨርቁ ጋር ያልተያያዘ ትርፍ ቀለም ውሃ ሲያገኝ ይወጣል። መለኪያው ቀላል ነው፦ በውስጥ በኩል ስፌቱ ላይ በውሃ ማራስ፣ ነጭ የጥጥ ጨርቅ መጫን፣ ጥቂት ቆይቶ ማየት። ነጩ ከቀለመ ልብሱን ለብቻ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ፤ ርጥቡንም ቆልሎ አለማሳደር። የቀለመበት ሌላ ልብስ ካለ እንደገና ሳያጥቡ በሙቀት አለማድረቅ፣ ሙቀቱ ቀለሙን ያጸናዋልና።

20ኛው የክሩ ከፋች ነው። ዝርዝሩን ትቻለሁ ብሎ የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓረፍተ ነገሮች እንደገና ተርጉሞ መጣ፦ አፍንጫው ይፈሳል፣ ወንዙ ይወርዳል፣ ድርጅቱን እሷ ታስተዳድረዋለች፣ ቀለሙ ይለቃል፣ ውሉ ለአምስት ዓመት ይጸናል። በአምስቱ ውስጥ አንድም «መሮጥ» የለም። ደስ ብሎት ነው መሰል፣ ስድስተኛ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ራሱ ሠርቶ መረቀልን፦ «ዘ ሚልክ ሃዝ ራን አውት»።

21ኛው የ2ኛው ሰውዬ ነው። ሌላ ነገር አልጻፈም፤ «ራ»ን በ«ረ» አርሞ ሄደ።